ሳያስብ ነፍስ ስላጠፋ የፖሊስ ባልደረባ ቅጣት

«ሳተ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ብዙ ሥራ የሚሠራ ቃል ነው። ተኳሽ ዒላማውን ሲያጣ ሳተ ይባላል፤ መንገደኛ ከጎዳናው ሲወጣ መንገድ ሳተ ይባላል፤ በሽተኛም ኅሊናውን ሲያጣ ራሱን ሳተ ይባላል። ስሕተት የሚለው ስም ከግዕዝ የመጣ የዚሁ ግሥ የቅርብ ዘመድ ነው። አማርኛ በመማር ላይ የሚገኙ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ይህን ቃል ሲያጠኑ ከአጠገቡ ሁለት ሌሎች ቃላት ቢያኖሩ ይጠቅማቸዋል፤ እነርሱም «ቸልተኝነት» እና «ድንገተኛ አጋጣሚ» ናቸው። የተሳሳተ ሁሉ ቸልተኛ አይደለም፤ ቸልተኛ የሆነውም ሁሉ ሰውን ለመጉዳት ያሰበ አይደለም። ሦስቱ ቃላት በቡና ላይ ወሬ ቢደባለቁ የሚጎዳ ሰው የለም። በፍርድ ቤት ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአንድን ሰው ብዙ ዓመት ይወስዳል ወይም ይመልሳል።

በዛሬው ጽሑፋችን ልንመለከተው ያሰብነው ነገር ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ሕዝብን እንዲጠብቅ መሣሪያ የታጠቀ የፖሊስ ባልደረባ፣ ለመግደል ሳያስብ ሰው በገደለ ጊዜ ቅጣቱ ምን ያህል ሊሆን ይገባዋል? የሟች ወገን «ልጃችን በከንቱ ቀረ» ይላል። የገዳይ ወገን ደግሞ «ክፉ አሳብ ያልነበረውን ሰው ከሽፍታ ጋራ አንድ አታድርጉት» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ የዳኛውም ጭንቀት ከዚህ ይጀምራል።

ለነገሩ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ በአሜሪካ የተፈጸመውን እናንሣ። (የውጭ አገሩን ነገር ስንናገር ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናደርገዋለን።) በሚኔሶታ ክፍለ ግዛት ብሩክሊን ሴንተር በምትባለው ከተማ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2021 ዓ.ም. ፖሊሶች ዳንቴ ራይት የሚባለውን የ20 ዓመት ወጣት መኪና ሲነዳ አስቆሙት። ምክንያታቸው በሰሌዳው ላይ ያለው የምዝገባ ምልክት ጊዜው ማለፉና በመኪናው መስተዋት ላይ የሽቶ ማንጠልጠያ መታየቱ ነበር። ስሙን በመረመሩ ጊዜ የመያዣ ትእዛዝ እንደ ወጣበት አገኙ። እጁን ሊያስሩት ሲሉ ተፈናጥሮ ወደ መኪናው ወንበር ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የ26 ዓመት አገልግሎት ያላት ኪም ፖተር የምትባል የፖሊስ ባልደረባ «ቴዘር! ቴዘር! ቴዘር!» ብላ ጮኸች። ቴዘር ማለት በኤሌክትሪክ ኃይል ሰውን ለጥቂት ጊዜ የሚያደነዝዝ መሣሪያ ነው። በእጇ የጨበጠችው ግን ሽጉጥ ነበር። አንድ ጥይት ተኮሰች፤ ወጣቱም ሞተ።

ቴዘሩ ቢጫ ቀለም ያለው ሆኖ በግራ ጎኗ ተሰክቶ ነበር። ሽጉጡ ጥቁር ሆኖ በቀኝ ጎኗ ነበር፤ ክብደቱም ከቴዘሩ ከእጥፍ ይበልጥ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ «ይህን ሁሉ ልዩነት እጅ ሊስተው አይገባም» በማለት ተከራከረ። እርስዋም በምስክርነቷ በዚያ ሁሉ የአገልግሎት ዘመን በሥራ ላይ ሳለች አንድ ጊዜ እንኳ ሽጉጧን ተኩሳ እንደማታውቅ ተናገረች። ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ለአራት ቀን ከተመካከሩ በኋላ ዲሴምበር 23 ቀን 2021 ዓ.ም. ጥፋተኛ ናት አሉ። ወንጀሉ ግን አስቦ መግደል አልተባለም፤ ከዚያ ዝቅ ያለ፣ በግድ የለሽነትና በቸልታ ሰውን መግደል ነው የተባለው።

የክፍለ ግዛቱ የቅጣት መመሪያ ለእንዲህ ያለው ወንጀል፣ ከዚህ በፊት ጥፋት ለሌለበት ሰው፣ ሰባት ዓመት ያህል ይመድባል። ዳኛዋ ሬጂና ቹ ግን ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2022 ዓ.ም. ባስቻሉት ችሎት ሁለት ዓመት ብቻ ፈረዱ፤ ከዚያም ላይ 16 ወር በወኅኒ፣ የቀረው 8 ወር በውጭ ሆና በቁጥጥር የሚፈጸም ነበር። ዳኛዋ ይህን ሲናገሩ እንባ ተናንቋቸው ነበር። የሟቹ ቤተሰብ ፍርዱን እንደ ሁለተኛ በደል ቈጠረው። ተከሳሿ ኤፕሪል 24 ቀን 2023 ዓ.ም. ከወኅኒ ወጣች።

እኛ በዚህ ፍርድ ላይ ያለንን አስተያየት ሳንሸሽግ እንናገራለን። ዳኛዋ ቅጣቱን ዝቅ ያደረጉበት ዋናው ምክንያት ተከሳሿ ለመግደል አለማሰቧ፣ የሚገድለውንም መሣሪያ ለመምዘዝ አለመፈለጓ ነው። ነገር ግን አለማሰቧ አስቀድሞ ተቈጥሮላታል፤ አስባ ቢሆን ኖሮ የወንጀሉ ስም ራሱ ሌላ ይሆን ነበር። ስሙ አንድ ጊዜ ዝቅ ካለ በኋላ በዚያው ምክንያት ዓመቱን እንደ ገና ዝቅ ማድረግ አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ እንደ መክፈል ነው። በርግጥ ዳኛዋን የሚደግፍ ሰው መልስ አያጣም። በአንድ ስም በሚጠራ ወንጀል ውስጥም ብዙ ደረጃ አለ፤ በጨዋታ መሣሪያ ያነጣጠረና በጭንቅ ጊዜ የተሳሳተ እኩል አይደሉም። ይህ እውነት ነው። ከሰባት ዓመት ጥቂት መቀነስን እናምናለን፤ ከሰባት ወደ ሁለት መውረድ ግን የሟቹን ነፍስ አቅልሎ የሚያሳይ ሆኖብናል።

አገልግሎቷ 26 ዓመት መሆኑስ ለማን ይቈጠር? ጠበቃ «ይህን ያህል ዘመን ያለ ነቀፋ አገለገለች» ይላል። ዐቃቤ ሕግ «ይህን ያህል ዘመን ከሠለጠነች በኋላ ግራና ቀኟን መለየት ነበረባት» ይላል። አንዱ ነገር ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሲሆን ማየት የሕግ ትምህርት ለሚጀምር ሰው ጥሩ መልመጃ ነው።

ለንጽጽር የሌሎች ሁለት ሰዎችን ጉዳይ በአጭሩ እንጨምር። በኒው ዮርክ ከተማ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል፣ በኖቬምበር 2014 ዓ.ም.፣ ፒተር ሊያንግ የሚባል በሥራው ገና አዲስ የነበረ ፖሊስ ሽጉጡን መዝዞ በጨለማ ደረጃ ላይ ሲሄድ ጥይት ተኮሰ፤ ጥይቱም ከግድግዳ ነጥሮ አካይ ገርሊ የሚባለውን ሰው ገደለ። ጁሪው ከባድ በሆነው ክስ ጥፋተኛ ቢለውም ዳኛው ወንጀሉን ወደ ዝቅተኛው የቸልተኝነት ወንጀል አወረዱት፤ በ2016 ዓ.ም. ወኅኒ ሳይገባ 5 ዓመት በቁጥጥር እንዲቆይና 800 ሰዓት ለሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ ፈረዱ። በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት በተልሳ ደግሞ ሮበርት ቤትስ የሚባል የ73 ዓመት ሰው ነበር። ሰውዬው በሙያው የኢንሹራንስ ነጋዴ፣ በፈቃዱ የፖሊስ ረዳት፣ የሸሪፉም ወዳጅ ነበረ። በኤፕሪል 2015 ዓ.ም. ቴዘር የያዘ መስሎት በሽጉጥ ኤሪክ ሃሪስ የሚባለውን ሰው ገደለ። እርሱ 4 ዓመት ተፈረደበት፤ ለወንጀሉ የተመደበው ከፍተኛው እስራት ይኸው ነበር።

እንግዲህ የአንድ ዓይነት ስሕተት ዋጋ በአንዱ ስፍራ ባዶ፣ በሌላው ሁለት፣ በሌላው አራት ዓመት ሆነ። ክፍለ ግዛቶቹ ሕጋቸው የተለያየ ስለ ሆነ ቍጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ቢሆንም የተልሳው ነገር አንድ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ የ73 ዓመት ሽማግሌ ሽጉጥ ታጥቆ ሰው ለመያዝ እንዲወጣ የፈቀደው ማን ነው? ሥልጠናውን በሚገባ ስለ መፈጸሙ ብዙ ጥርጣሬ ተነሣ፤ ሸሪፉም በዚያው ዓመት ሥልጣኑን ለቀቀ። ጣቱን ምላጩ ላይ ያደረገው አንድ ሰው ይሁን እንጂ፣ ያ ጣት እዚያ እስኪደርስ ድረስ የፈረሙ እጆች ብዙ ናቸው። የሚታሰረው ግን ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው እጅ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም፣ ማሰብንና ቸልተኝነትን በግልጥ ይለያሉ። በ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 57 መሠረት ጥፋት ሳይኖርበት፣ ከዓቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ጉዳት የደረሰበት ሰው አይቀጣም። አንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲተረጕም ሁለት ዓይነት ያደርገዋል፤ አንደኛው አደጋ ሊመጣ እንደሚችል እያወቁ «አይደርስም» ብሎ መድፈር ነው፤ ሁለተኛው ማወቅ ሲገባና ሲቻል ሳያውቁ መቅረት ነው። አንቀጽ 80 ደግሞ ስለ ፍሬ ነገር ስሕተት ይናገራል። ሰው ነገሩን በተሳሳተ መልክ አይቶ ቢሠራ እንዳየው መጠን ይፈረድለታል፤ ነገር ግን ተጠንቅቆ ቢሆን ሊያስቀረው ይችል የነበረ ስሕተት ከሆነ በቸልተኝነት ይጠየቃል። የብሩክሊን ሴንተሩ ነገር በኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቢሆን ክርክሩ በዚህ አንቀጽ ላይ ያርፍ ነበር ብለን እንገምታለን።

ቅጣቱን የሚወስነው አንቀጽ 543 ነው። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ማንኛውም ሰው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ገዳዩ እንደ ሐኪም ወይም እንደ አሽከርካሪ የሰውን ሕይወትና ደኅንነት ለመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሲሆን ግን እስራቱ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ይደርሳል፤ መቀጮም ይጨመርበታል። በተለይ ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ሰዎች ቢሞቱ፣ ወይም ግልጥ የሆነ ደንብ ተጥሶ ከሆነ፣ ነገሩ ከ5 እስከ 15 ዓመት ወደሚደርስ ጽኑ እስራት ይሸጋገራል። ሕጉ ፖሊስ የሚለውን ቃል በምሳሌው ውስጥ ባይጠራም፣ ሰውን የመጠበቅ ግዴታ ከፖሊስ በላይ በማን ላይ ሊወድቅ ነው? አደራ የተቀበለ ሰው ሲሳሳት ከተርታው ሰው ይልቅ መጠየቁን ሕጋችን እንዲህ አድርጎ አጽንቶታል። ከላይ ላነሣነው የ26 ዓመት አገልግሎት ጥያቄም የሚሰጠው መልስ ይህ ይመስለናል።

አሳቡ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ባልንጀራው ከእርሱ ጋራ እንጨት ሲቈርጥ ብረቱ ከመጥረቢያው እጀታ ወልቆ የገደለው ሰው ነገር ተጽፎ ይገኛል። ያ ሰው ከደመኛው እንዲድን የሚሸሽባቸው ስድስት የመማጸኛ ከተሞች ተለይተው ነበር። ሆኖም በኦሪት ዘኍልቍ እንደምናነበው ወደ ቤቱ ወዲያው አይመለስም፤ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በዚያው ይቀመጣል። ነፍሱ አትጠፋም፤ ነጻም አይባልም። በገጠራችንም ሽማግሎች የሟችንና የገዳይን ወገን ሲያስታርቁ፣ እጁ ስቶ የገደለውን ከቂመኛው ለይተው ካሳውን ይቈርጣሉ፤ ያለ ካሳ ግን አያሰናብቱም።

በእስራኤል አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ የሆነውንም ማለፍ አይገባንም። ሰሎሞን ተካ የሚባለው የቤተ እስራኤል ወጣት ጁን 30 ቀን 2019 ዓ.ም. በሃይፋ፣ ቂርያት ሐይም በሚባለው ሰፈር፣ ሥራ ላይ ባልነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ፖሊሱ ወደ መሬት እንደ ተኰሰና ጥይቱ ነጥሮ እንደ መታው ተነገረ። ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ አደባባይ ወጥተው መንገድ ዘጉ። በሚከተለው ዓመት ፖሊሱ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰ፤ በ2023 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበተው። ቤተሰቡ አራት ዓመት ጠብቆ የሰማው ይህን ነው። ነጻ መልቀቅ ሕግ የሚፈቅደው ነገር ነው፤ ከዚህ ቀደም ብዙ ጊዜ የተገፋ ሕዝብ ግን የፍርዱን ፍጻሜ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም በሚገባው ቋንቋ መስማት ይፈልጋል። ዳኛ ቅጣቱን ሲያቀልል ወይም ሲያከብድ «ይህን ያህል ስለ ሥልጠናው፣ ይህን ያህል ስለ ጭንቀቱ፣ ይህን ያህል ስለ ጸጸቱ» ብሎ ለያይቶ ቢጽፍ፣ የተሸነፈው ወገን ባይደሰትም እንኳ የተናቀ አይመስለውም።

አንድ ነገር ቀረን፤ እርሱም የሚነካው በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡትን አንባቢዎቻችንን ነው። እስራት የሟቹን ልጆች አያበላም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126 እንደሚለው፣ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል። የሥራ ጥፋት የሚባለውም ሠራተኛው በቅን ልቡና፣ በሥልጣኑ ልክና ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት ያጠፋው ነው። በዚያችው በብሩክሊን ሴንተር ከተማው ለዳንቴ ራይት ቤተሰብ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል በ2022 ዓ.ም. ተስማምቷል። በኛ ዘንድ ግን ብዙ መበለት የወንጀሉ ፍርድ ሲያልቅ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሏት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የፍትሐ ብሔሩን ክስ ለማቅረብ የተወሰነ ጊዜ አለ፤ ያ ጊዜ ሳያልፍ አንቀጹን አውጥቶ የሚያነብላትና ማመልከቻዋን የሚቀበል ጸሐፊ ያስፈልጋታል።