ጆንያው ወይስ ቅምሻው?

«በርቀት ተምሮ ደግሞ የሰውን ጭንቀት ሊፈታ!» የሚለው ፌዝ ያንገበግበኛል። እኔ በጅማ የባንክ መስኮት ላይ ተቀምጬ የአጋሮንና የሊሙን የቡና ገንዘብ የምቆጥር ሰው ነኝ። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ ቀን ብር ስትቆጥር ውላ ሌሊት የሳይኮሎጂ ሞጁሏን ታነባለች። እናቷን የምትጦር ናትና ደመወዟን ትታ መደበኛ ተማሪ ልትሆን አትችልም። ታዲያ ይህ ነውር ነውን?

በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት በጥራት ጉድለት ሳቢያ የርቀት ትምህርትን አግዶ ነበር፤ እገዳው ኋላ ቢላላም ጥርጣሬው አልተነሣም። ጥርጣሬው ከንቱ ነው አልልም። የሰውን እንባ ማድመጥ በሞጁል ብቻ አይለመድም፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም የሚመዝነው ዕውቀትን እንጂ ማድመጥን አይደለም። ነገር ግን ይህ ጉድለት የመደበኛውም ተማሪ ነው! በ1969 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂን በርቀት ያስተምራል፤ በዚያ አገር ዲግሪው፣ በርቀትም ይገኝ በመደበኛ፣ ብቻውን የሙያ ፈቃድ አያሰጥም። ፈቃዱ የሚገኘው በባለሙያ ዓይን ሥር ከተለማመዱ በኋላ ነው።

እኛስ? የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እዚሁ ደጃችን ነው። የርቀት ተማሪዋም በነባር ባለሙያ ሥር ተቀምጣ ማድመጥን ትማር፤ ከዚያ ፈትኗት! ካልበቃች ከልክሏት። የቡና አገር ሰዎች ሆይ፣ ቡና በጆንያው ተንቆ ሲጣል አይታችሁ ታውቃላችሁን? መጀመሪያ ይቀመሳል እንጂ።