ቲሸርቱን ተዉት፣ መሪ ስጡን

ሳይክል የለመድኩት በሰው ሳይክል ነው። ሁሩሙ ውስጥ በእኔ ዕድሜ የነበረ ልጅ አብዛኛው እንደዚያው ነው፦ ሳንቲም ታጠራቅማለህ፣ ተራ ትጠብቃለህ፣ አንድ ዙር ትነዳለህ። ባለሳይክሉ ሰዓቱን እያየ ቆሞ ይጠብቅሃል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትማረው ነገር መፍጠን ነው። ፍሬኑ እንደማይሠራ ያወቅኩት ቁልቁለቱ መሃል ላይ ሆኜ ነው። የሰው አጥር ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። እናቴ «ሁለተኛ ሳይክል ላይ እንዳላይህ!» አለች፤ ትምህርቱም እዚያው አለቀ።

ይህን የማወራው ለትዝታ አይደለም። ያን ቀን ከፊቴ አንድ መንገዱን የሚያውቅ ሰው፣ ከኋላዬ ደግሞ አንድ የሚጠብቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አጥሩም ጉልበቴም ይተርፉ ነበር። ክርክሬ በሙሉ ይኸው ነው፦ በከተሞቻችን በነጻ፣ በቡድን፣ በመሪ የሚደረግ የሳይክል ጉዞ ያስፈልገናል። የሚያስፈልገን ደግሞ አዲስ አበባ ብቻ አይደለም።

አዲስ አበባ በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ በወር አንድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶቿን ለመኪና መዝጋት ጀመረች። ሕፃናት አስፋልት መሃል ሲሮጡ፣ ወጣቶች ሳይክል ሲነዱ ታየ። በ2013 መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። በኋላም ከኮሪደር ልማቱ ጋር የሳይክል መስመር መጣ። ጎሽ! ነገር ግን ክፍለ አገር ያለው ልጅ ይህን ሁሉ የሚያየው በስልኩ ነው። እኛ ጋ ስለ ሳይክል ስታነሳ የሚመጣው መልስ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «ዳገት ነው»፣ «በጀት የለም»፣ «ደግሞ ለሳይክል?»

ከዳገቱ እንጀምር። ከሁሩሙ ወደ መቱ የሄደ ሰው ዳገት እንዳለ አይክድም። ግን እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ሲነዳ «ስፖርት» ይባላል። ኪጋሊ ከተማው በሙሉ ኮረብታ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ መንገድ ለመኪና እየተዘጋ ሕዝቡ ይሮጣል፣ ይነዳል። ዳገት በቡድን ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ብቻህን ስትሆን ታፍራለህ፤ ከአሥር ሰው ጋር ስትሆን ወርደህ እየገፋህ ትስቃለህ። የጉዞው ሕግ አንድ ነው፦ ፍጥነቱ የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው። ዳገት ከባድ የሚሆነው ለሚሽቀዳደም ነው።

እሽቅድድም ደግሞ አላጣንም። ኢትዮጵያ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞችም ልካለች። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቱር ደ ፍራንስን ነድቷል። ያጣነው ማሸነፍ የማይፈልግ፣ ሰፈሩን ማየት ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚገባበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው በጀት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ ፍቀዱልኝ። እኛ አገር አንድ ነገር «ፕሮግራም» የሚባለው ባነር ሲኖረው ነው። በዓመት አንድ ቀን ቲሸርት ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አበል ይፈረማል፤ በማግስቱ ቲሸርቱ የቤት መወልወያ ይሆናል። የቡድን ጉዞ ምን ይፈልጋል? ከፊት መንገድ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ከኋላ ማንንም ጥሎ የማይሄድ አንድ ሰው፣ አንድ ፓምፕ፣ ጎማ መለጠፍና የወለቀ ካቴና መመለስ የሚችል አንድ ልጅ። የኪራይ ሳይክሎቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሆኑ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚውሉት። ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋግሮ በሁለት ሳምንት አንድ ከሰዓት መዋስ ሚኒስቴር አይጠይቅም። የሚጠይቀው መደጋገም ነው። እኛ የምንፈራው ደግሞ እሱን ነው፤ አንድ ቀን ሁሉም ይመጣል፣ አምስተኛው ቅዳሜ ላይ ማን አለ?

ሦስተኛው፣ «ለሳይክል?» የሚለው፣ ዋናው ነው። የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ የእኛም ወረዳ፣ ሁሩሙ፣ በውስጡ አለ። ዓለም የሚጠጣው አረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት ጫካ ነው። ተመራማሪ ከሩቅ አገር አውሮፕላን ተሳፍሮ ያየዋል። እዚሁ የተወለደ ልጅ ግን ጫካውን የሚያውቀው ከሚኒባስ መስኮት ነው። የሶር ፏፏቴን መቱ ተወልደው መቱ አድገው ያላዩ ጓደኞች አሉኝ። ያላዩትን ነገር «ጠብቁ» ብሎ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው።

መሪ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። የባዮስፌሩ እምብርት ለጥበቃ የተተወ ነው፤ እዚያ በሳይክል አይገባም። በዳር ያለው የመንደር መንገድ ግን የሰው መንገድ ነው። የቱ ጋ እንደሚቆም፣ የማን ማሳ እንደሆነ፣ ኢሱዙ የሚበዛበት ሰዓት የቱ እንደሆነ፣ ጸጥታው የማያስኬድበት ቀን መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ጭቃው አያስነዳም፤ እሺ፣ በበጋ እንንዳ።

«በነጻ ከሆነ አስጎብኚው ምን ይብላ?» የሚል አለ፤ ጥያቄው ትክክል ነው። እንግዳ ይክፈል፤ የውጭም ይሁን የአዲስ አበባ። የከተማው ልጅ ግን የራሱን ሰፈር ለማየት ቲኬት መቁረጥ የለበትም። ክፍያ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀሩት ሴቶች ናቸው፤ ቤተሰብ ለወንዱ የሚሰጠውን ሳንቲም ለሴቷ አይሰጥም። «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ አትወጣም» የሚለው ወሬ ደግሞ ዛሬም አለ። ክብሯን ያሳጣታል ይላሉ፤ ውሸት ነው።

የአክስቴን ልጅ ሳይክል ሳለማምዳት ኮርቻውን ከኋላ ይዤ እሮጥ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዲት የጎረቤት እናት አስቁመው «አንተ፣ ልጅቷን ልታበላሻት ነው?» አሉኝ። እሷ ደንግጣ ወረደች። ሦስተኛ ቀን አልመጣችም። ብቻዋን ስለሆነች ነው የተሸነፈችው። ሰባት ሆነው ቢነዱ ኖሮ እኚያ እናት ማንን ያስቆማሉ?

ስለዚህ ከማንም ቲሸርት አንጠብቅ። መቱም፣ ጎሬም፣ በደሌም ያላችሁ፣ ሦስት ሰው ካገኛችሁ በቂ ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ መሃል ላይ ደግሞ ገና የምትለማመደዋ ልጅ። ከዚያ በሁለት ሳምንቱ ድገሙት።