ከ48 ሰዓት በኋላስ?

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው የአባቶች ቃል የሚያስረዳው ሕዝባችን ከጉዳቱ ትልቅነት ይልቅ የፍርድን መጓደል አጥብቆ የሚጠላ መሆኑን ነው። ለጭብጦ ይህን ያህል ከታሰበ፥ ያለ ፍርድ ለሚባክነው የሰው ዕድሜ ምን ያህል ሊታሰብ ይገባል?

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለዳኛ ይቅረብ የሚለው ድንጋጌ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ተጽፎ ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደገመው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 አጸናው።

ችግሩ ያለው ከ48 ሰዓቱ በኋላ ነው። የ1954ቱ ሕግ ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን አልወሰነም። በዚህ ቀዳዳ 14 ቀን ሌላ 14 ቀን እየወለደ፥ ክስ ያልቀረበበት ሰው ወራት ሊቆጥር ይችላል። ይህ ሰው ገና አልተፈረደበትም፤ ነገር ግን ሥራውን ያጣል፤ ስንቅ የምታመላልሰው እናቱ ወይም ሚስቱም አብራው ትቀጣለች።

የፖሊስ ሥራ ከባድ ነው፥ ምስክር ይሸሻል፥ ማስረጃም ይጠፋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ሕጉም ስለዚህ ጊዜ ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥቱ የሚፈቅደው ለምርመራው የግድ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው፤ የተያዘውም ሰው የተፋጠነ ፍርድ የማግኘት መብቱ መጠበቁን ፍርድ ቤቱ እንዲያረጋግጥ ያዛል። ስለዚህ ዳኛው አዲስ ቀጠሮ ከመፍቀዱ በፊት «ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራችሁ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በመዝገብ ማስፈር ይገባዋል። ይህ ካልሆነ ዳኛ ፊት መቅረብ ማለት ከጣቢያ ፍርድ ቤት ደርሶ መመለስ ብቻ ይሆናል።

ከእኛ ከተማሪዎችስ ምን ይጠበቃል? አንቀጹን ለፈተና ሸምድዶ ማለፍ አይበቃም። ለሕዝብ ክፍት በሆነው ችሎት ተቀምጠን እናድምጥ። የሕግ መምህራኖቻችንም ይምሩን። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ለወገኖቻችን በየቋንቋቸው እንንገር፤ ይኸውም የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ የማወቅና ያለመናገር መብት እንዳለው፥ ዘመዱ፥ ጠበቃው፥ ሐኪሙና የሃይማኖት አባቱ ሊጎበኙት እንደሚችሉ፥ ተገዶ የሰጠውም ቃል በማስረጃነት እንደማይቀበሉበት ነው።

ባለቤቱ ያላወቀውን መብት ማንም አስታውሶ አይሰጠውም።