ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ፈጥኖ አይረሳ

ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላት

ዘንድሮ በረጅሙ ዝናብ ወራት አንድ ሌሊት በትምህርት ቤታችን በር አጠገብ የነበረው ትልቁ ግራቪሊያ ወደቀ። ጠዋት ስንመጣ አጥሩን ደርምሶ፣ ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ግቢ ውስጥ ተጋድሞ አገኘነው። ነገሩ የሆነው ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ አውቶቡስ የሚጠብቁት የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ነበሩ። ፈጣሪ አተረፋቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢያችን ክርክር ተነሥቷል። አንዳንድ ወላጆች «የቀሩትም አራት ዛፎች ይቆረጡና ግቢው ሲሚንቶ ይደረግ፤ ለመኪና ማቆሚያም ይሆናል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ጥላማ ያስፈልጋል፤ ቶሎ የሚደርስ ባሕር ዛፍ ይተከል» ይላሉ። እኛ ከሁለቱም ወገን አልተስማማንም። ሐሳባችንን በዚህ የዓመት መጽሔት እንድንገልጽ ስለተፈቀደልን እናመሰግናለን። የምንናገረው ስለ ትምህርት ቤቱ ግቢ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ናይሮቢ ውስጥ ትንሽም ብትሆን ጓሮ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይመለከተዋል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ያየነውን እንንገራችሁ። ፉንዲዎቹ ጉቶውን ሲነቅሉ ቆመን ተመልክተናል። የዚያን የሚያህል ዛፍ ሥር ወደ አራቱም አቅጣጫ ይዘረጋል ብለን ነበር የጠበቅነው። ያየነው ግን እንደ ቅርጫት ተጠምዝዞ በራሱ ላይ የተጠቀለለ ሥር ነው። መሐሉን ሲፈለቅቁት ችግኙ ከችግኝ ጣቢያ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ወጣ። ሥሩ ከዚያ ፕላስቲክ ለመውጣት ሲታገል ኖሯል። በአንድ በኩል ደግሞ የአጥሩ መሠረት ስለነበረ ወደዚያ መሄድ አልቻለም።

በቤተ መጻሕፍታችን ያሉትን የቆዩ መጽሔቶች ስናገላብጥ ዛፉ የተተከለበትን ቀን ፎቶ አገኘን። የዛሬ 12 ዓመት ነው። አካፋ የያዙ፣ ነጠላ የለበሱ፣ የሚያጨበጭቡ ብዙ ሰዎች ይታያሉ። ከዚያ በኋላ በወጡት መጽሔቶች ግን ስለዚያ ዛፍ አንድም ቃል አላገኘንም። እኛም ራሳችን ሰባትና ስምንት ዓመት በሥሩ ስናልፍ ቀና ብለን አይተነው አናውቅም።

ስለዚህ የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ዛፉን የጣለው ፈጥኖ ማደጉ አይደለም። ከነፕላስቲኩ መተከሉ፣ ከአጥሩ ሥር መጠጋቱና ከተተከለ በኋላ መረሳቱ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ችኮላው የተከሉት ሰዎችና የእኛ እንጂ የዛፉ አልነበረም።

ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ውለታ እንዳለው መካድ የለብንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ገና አዲስ ከተማ ሳለች፣ በዙሪያዋ የነበረው እንጨት ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ በማለቁ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ግን ተቆርጦ መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ በጥቂት ዓመታት የሚደርስ በመሆኑ ከተማዋ ባለችበት እንድትጸና ረድቷል። ስሙም «ባሕር ዛፍ» የተባለው ለዚህ ነው። እዚህ ኬንያም ባሕር ዛፍ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለባቡሩ ማገዶ እንዲሆን ነበር። ሁለቱም አገሮች በቸገራቸው ጊዜ ፈጣኑን ዛፍ ጠርተዋል፤ እርሱም ደርሶላቸዋል።

ይሁን እንጂ ለባቡርና ለከተማ ማገዶ የሆነ ዛፍ ሁሉ ለቤት ጓሮ አይሆንም። ባሕር ዛፍ እጅግ ይረዝማል፤ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩ ጎመንም ጤና አዳምም በደንብ አይበቅልም። 10 በ10 በሆነ ግቢ ውስጥ መትከል ማለት ከጥቂት ዓመት በኋላ ለጣሪያም ለጎረቤትም ሥጋት ማስቀመጥ ማለት ነው። «ባሕር ዛፍ ይተከል» የምትሉ ወላጆቻችን፣ አገር ቤት የምታውቁት ባሕር ዛፍ ተራራ ላይና ማሳ ዳር እንደነበረ አስታውሱልን።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ከዛፉ መውደቅ በኋላ የክበባችን አባላት የጥቂት ቤተሰቦችን ጓሮ ዞረን ጎብኝተናል። አብዛኛው ባዶ ነው፤ ወይም ሲሚንቶ ነው። አንዲት እናት ቡና አፍልተው ካስተናገዱን በኋላ ለምን ዛፍ እንዳልተከሉ ስንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ በሰው ግቢ ለማን ብዬ ነው የምተክለው? ከርሞ እኮ አንድም አገራችን እንገባለን፣ አንድም ሌላ ቤት እንከራያለን» አሉን። «እዚህ ቤት ከገቡ ስንት ዓመት ሆነዎት?» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና «የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩ ዓመት ነው የገባነው» አሉ። ልጃቸው ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ይህን ሲናገሩ እርሳቸውም ሣቁ፤ እኛም ሣቅን፤ ከዚያ ግን ሁላችንም ዝም አልን።

የብዙዎቻችን ቤት ታሪክ ይኸው ነው። «ከርሞ» እያልን 19 ዓመት ይሞላል። በ19 ዓመት ውስጥ ፈጣኑ ብቻ ሳይሆን ዘገምተኛው ወይራ እንኳ ሰው የሚያስጠልል ዛፍ ይሆን ነበር። የተከራየ ሰው ዛፍ መትከል የለበትም የሚለውን ሐሳብ የማንቀበለው ለዚህ ነው። አከራዩን ማስፈቀድ እንደሚገባ እናውቃለን። ከፈቀዱ ግን ጥላው የሚያርፈው በእኛ ላይ ነው፤ ፍሬውንም የምንበላው እኛ ነን። ብንሄድ ደግሞ ከእኛ በኋላ የሚገባው ሰው ይመርቀናል።

ታዲያ ምን ይተከል? እኛ ችግኝ ከመግዛታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ ተስማምተናል፦ ለምን? የት? ማን ይንከባከበዋል?

ለምን የሚለው ይቀድማል። ቶሎ ፍሬ የሚፈልግ ቤተሰብ ፓፓያ ቢተክል ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያገኛል። አቮካዶ ከዘር ከሚበቅል ይልቅ የተዳቀለው ይሻላል፤ በሦስትና በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። የደከመ አፈሩን ማልማት የሚፈልግ ሰስባኒያ ይትከል፤ በአንድ ዓመት ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል፤ ሥሩም ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል። ዕድሜው ግን አጭር ስለሆነ ሌላው እስኪደርስ የሚያገለግል ዛፍ ነው። ጥላ ለሚፈልግና ሰፋ ያለ ግቢ ላለው ደግሞ ዋንዛን እናስቀድማለን። ዋንዛን ብዙዎቻችን የኢትዮጵያ ብቻ አድርገን እናየዋለን፤ እዚህም የአገሩ ዛፍ ነው፤ ኪኩዩዎች «ሙሪንጋ» ይሉታል። ፈጠን ብሎ ያድጋል፤ ነጭ አበባው ለንብ ይሆናል። የብሳና ዘመድ የሆነውና በናይሮቢ በየመንገዱ የምናየው «ሙኪንዱሪ»ም እንዲሁ የዚሁ አገር ዛፍ ነው። ግራቪሊያም ቢሆን በተመቸው ቦታ በዓመት እስከ 2 ሜትር የሚያድግ ጥሩ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉ በቀላሉ ስለሚሰበር ግን በየጊዜው መገረዝ አለበት።

የት የሚለው ሁለተኛው ነው። ትልቅ የሚሆን ዛፍ ከቤትና ከአጥር ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። «ሌባ ይወጣበታል» የሚለው የወላጆቻችን ሥጋትም በዚሁ ይቃለላል። ለአጥር ተብሎ የሚተከለው ፊከስ ሥሩ የውኃ ቧንቧና የፍሳሽ መስመር ስለሚያበላሽ ከቧንቧ አጠገብ ባይሆን ይመረጣል። አፈሩም ይታይ። በከተማው ምዕራብና ሰሜን ቀይ አፈር ይበዛል፤ በደቡብና በምሥራቅ ደግሞ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት ውኃ የሚያቁር ዋልካ አለ። በዋልካ ላይ አቮካዶ ከተተከለ ሥሩ ይበሰብሳል፤ አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ ሠርቶ መትከል ያስፈልጋል። አገር ቤት ሞቃት ቦታ የሚወደደው ሺፈራውም በናይሮቢ ብርድ እንደዚያ አይፋፋም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማን ይንከባከበዋል የሚለው፣ ለእኛ ትልቁ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ዝናብ ሲጀምር፣ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በጥቅምት፣ 60 ሳንቲ ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ይቆፈራል። የላይኛው አፈር ለብቻ ይቀመጥና ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ የተጠማዘዘ ሥር ካለ በስለት ይቆረጣል። ችግኙ ከነበረበት በላይ ጠልቆ አይቀበርም። ዙሪያው በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል ይሸፈናል፤ ግንዱን ግን አይንካ። በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ውኃ ከማፍሰስ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባልዲ ቀስ አድርጎ ማጠጣት ይበልጣል፤ ውኃው ጠልቆ ሲገባ ሥሩም ተከትሎት ይወርዳልና። «ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉን አሉ። አትክልት የታጠበበትና ልብስ የተለቀለቀበት ውኃ ለአንድ ችግኝ ይበቃል። ይህም ለሁለት በጋ ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ዛፉ ራሱን ይችላል።

ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ልጅነቱ አጭር ስለሆነ የሚታረመው ቶሎ ነው። ሁለት ግንድ እኩል ሽቅብ ከወጡ ገና ቀጭን ሳሉ አንዱ ይቆረጥ፤ ሲወፍሩ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃሉ። የታሰረበት ገመድ በየወሩ ይላላ። ይህን ለማድረግ በወር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የእኛን ግራቪሊያ በ12 ዓመት ውስጥ ያንን ግማሽ ሰዓት የሰጠው ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ የዚህችን ከተማ ትልቅ ሰው ዋንጋሪ ማታይን እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን መሠረቱ፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። ከሥራቸው ሁሉ እኛን ያስደነቀን አንድ አሠራር ነው፦ ችግኝ ለሚያፈሉት ሴቶች ትንሽ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበረው ለጸደቀው ችግኝ ነው፤ ተተክሎ ለደረቀው አይደለም። እኛ ግን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2023፣ ኬንያ ለዛፍ ተከላ ሥራ ዘግታ በዋለችበት ዕለት፣ ችግኝ ተክለን ፎቶ ተነሥተን ገባን። ስንቱ ጸደቀ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን የለም። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን እኛም ከጥፋቱ ስላለንበት ነው።

ስለዚህ ለወላጅ ኮሚቴውና ለአስተዳደሩ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የቀሩት አራት ዛፎች አይቆረጡ፤ በመጀመሪያ ሥራውን በሚያውቅ ባለሙያ ይታዩ፣ የሚገረዘው ይገረዝ፤ ያሰጋል የተባለ ካለ ያ ብቻ ይውረድ። በወደቀው ምትክ ከአጥሩ ርቆ ሁለት ዋንዛና አንድ ወይራ ይተከል። ዋንዛው ለእኛና ለታናናሾቻችን ይደርሳል። ወይራው የሚደርሰው ለእነርሱ ልጆች ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና እርሱንም እንጠብቀዋለን። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሕፃናት እስከዚያ ድረስ በሸራ ጥላ ሥር ይቁሙ።

ከዚህም ጋር እያንዳንዱ ዛፍ ተንከባካቢ ክፍል ይመደብለት፤ ክፍሉ ሲመረቅ ለተከታዩ ያስረክብ። የዚህ መጽሔት አዘጋጆችም በየዓመቱ የሦስቱን ዛፎች ፎቶና ቁመት እንዲያትሙ እንጠይቃለን። አንዱ ቢደርቅም መድረቁ ይጻፍ። እኛ በሚቀጥለው ዓመት ብዙዎቻችን ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን። መጽሔቱ ሲደርሰን ግን በመጀመሪያ የምንገልጠው ያንን ገጽ ይሆናል።