ጡሩንባ ነፊውን ማን ይቀሰቅሰዋል?

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነስቷል። «እንደ ጦር ሰፈር ጠዋት ጠዋት ጡሩንባ ይነፋልን፤ አለዚያ ማርፈዳችን አይቀርም» የሚሉ አሉ። «ወታደር አይደለንም፤ ምን በወጣን!» የሚሉም አልጠፉም። እኔም የበኩሌን ልበል።

በቅድሚያ ጡሩንባን ማጣጣል አይገባም። አገራችን በነጋሪት፣ በመለከትና በእምቢልታ ስትጠራ የኖረች ናት። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ደግሞ የነሐስ ሙዚቃን በቤተ መንግሥት አሰሙ። ከነሐስ መሣሪያዎች ሁሉ ቀላሉ የወታደሩ ጡሩንባ ነው። የሚጫኑት ቁልፍ የለውም፤ ድምፁ የሚለዋወጠው በከንፈርና በትንፋሽ ብቻ ነው። የጦር ሰፈር ጥሪዎችም ባብዛኛው ከ5 ድምፆች አይዘሉም። ስለዚህ ጥሪው አጭር ነው፤ ስም አይጠራም፣ አይለማመጥም፤ ሰፈሩን ሁሉ ባንዴ ያስነሳል። ለወታደር ይህ ግድ ነው፤ አንዱ ቢተኛ ጓዱ ይጎዳልና።

ግን ጎበዝ፣ እስቲ እንጠያየቅ፦ ጡሩንባ ነፊውን ራሱን ማን ይቀሰቅሰዋል? ማንም! እሱ ሌላው ሳይነሳ ተነስቶ፣ በብርድ ከንፈሩን አሟሙቆ ሰዓቱን ይጠብቃል። በጣና ገዳማትም የድንጋዩን ደወል የሚመታው አባት ከማኅበሩ ቀድሞ ይነሳል። እዚሁ ባሕር ዳር ጎህ ሲቀድ ወደ ሐይቁ ብትወርዱ፣ ባለ ታንኳው ማንም ሳይነፋለት መረቡን ሲሰበስብ ታገኙታላችሁ።

አስተማሪም እንደዚሁ ነው። ነገ ተመርቀን ገጠር ስንመደብ የሚነፋልን የለም፤ ነፊዎቹ እኛው ነን። ይህን የምለው ለሰው ልመክር ብዬ አይደለም። በማስተማር ልምምድ ጊዜ አንድ ሰኞ እንቅልፍ ጥሎኝ አረፈድኩ። ስደርስ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለዋል። አንዲት ትንሽ ልጅ በእንጨት ሰሌዳውን እየጠቆመች ፊደል ታስቆጥራቸዋለች። ስታየኝ ደንግጣ እንጨቱን ሰጠችኝና ወደ ቦታዋ ሮጠች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። ከየት ተነስታ፣ ስንት ሰዓት ተጉዛ እንደመጣች መጠየቅ አፈርኩ። ምን ብዬ ልጠይቃት? እኔ የመጣሁት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለች ክፍል ነው!

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ጡሩንባ አይገዛ፤ ዘበኛም በር አያንኳኳልን። ይልቅስ በየክፍላችን ተራ እንግባ። በሳምንት አንድ ሰው ቀድሞ እየተነሳ ሌላውን ይቀስቅስ። ተራው የደረሰው ቢያንቀላፋ ክፍሉ በሙሉ ያረፍዳል፤ ያኔ የሰው ሰዓት ተሸክሞ መተኛት ምን እንደሚመስል እዚሁ እንማረዋለን። ልጆቹ ላይ ከምንማረው ይሻላል።

የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ እወስዳለሁ። የማይስማማ ካለ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና እንከራከር።