የጎማ መተለቅና የማርሽ መስተካከል

ክረምት በገባ ቍጥር የደምብያ ዋልካ መኪና እንደሚይዝ፣ የወገራና የደባርቅ ዳገትም ጭነት ያለበትን መኪና እንደሚያደክም ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለሚያመላልሰው፣ በአራቱም እግሩ ለሚስበው መኪና፣ ትልልቅ ጎማ ማስገባት የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። አሳባቸው በጎ ነው፤ ነገር ግን ጎማውን አተልቆ ማርሹን እንደነበረ መተው ሥራን ከእኩሌታ ማቋረጥ ነው።

ነገሩ በቍጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጎማ ወጥቶ 88 ሳንቲ ሜትር ቢገባ፣ መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው በ4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ግን ከመቶ 10 እጅ ይጨምራል፤ መሬቱን የሚገፋበትም ኃይል ከመቶ 9 እጅ ያህል ይቀንሳል። ደባርቅም ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ በአየሩ መሳሳት ምክንያት ተርቦ የሌለው ሞተር አስቀድሞ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን አጥቷል።

ከመውጣቱም ይልቅ መውረዱ ያሳስባል። ጣልያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን በተሠራው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ የሚወርድ ሾፌር፣ መኪናውን በሞተር እየያዘ እንጂ በፍሬን ብቻ አይወርድም። ጎማው ሲተልቅ የሞተሩም የፍሬኑም መያዣ ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይከዳል። ጕዳዩም የንብረት ብቻ ሳይሆን የነፍስ ነው።

ሁለተኛው ጕዳት የሒሳብ ነው። መኪናው 1,100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆጣሪው 1,000 ብቻ ይጽፋል። የነዳጅ መዝገብ የሚመረምረው ሹም ጕድለቱን አይቶ ሾፌሩን ይጠረጥራል፤ ያልሰረቀ ሰውም ስሙ በከንቱ ይጎድፋል።

መድኃኒቱ የዲፈረንሻሉን ጥርስ፣ ማለት ኮሮናውንና ፒኞኑን፣ በጎማው ልክ መለወጥ ነው። የቀድሞው 4.1 ቢሆን በ1.1 ሲባዛ 4.5 ይሆናልና፣ ለዚህ ቁጥር የቀረበውን መፈለግ ይገባል። የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል በአንድነት ይለወጡ፤ ቁጥራቸው ከተለያየ በአራቱም እግር ሲነዳ እርስ በርሳቸው ታግለው ይሰበራሉ። ቆጣሪው ከማርሹ ሳጥን በሚነዳባቸው መኪኖች፣ ይህ ሲደረግ ቆጣሪውም አብሮ ይታረማል። ጥርሱን የሚገጥመው ግን ልኩን የሚያውቅ ባለሙያ መሆን አለበት።

የከባዱን ማርሽ ጥርስ ብቻ መለወጥ ይበቃል የሚሉ አሉ። ይህ በጭቃና በድንጋይ መካከል ለሚድህ መኪና ይረዳል፤ በተለመደው መንገድ ግን ድካሙም የቆጣሪው ስሕተትም እንደነበረ ይቀራል። የጎማው ልዩነት ከመቶ 5 እጅ ካላለፈ ምንም ባይለወጥ ግድ የለም፤ ወደ 10 ከተጠጋ ግን ዲፈረንሻሉ ይለወጥ እላለሁ።

ጎንደር ያለ መሥሪያ ቤት ይህን በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል። መኪናውን እንደ ልማዱ አስጭኖ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምእተ ዓመት ቤተ መንግሥት ወዳሠሩበት ወደ ቁስቋም ዳገት፣ አስቀድሞ በቀድሞው ጎማ፣ ኋላም በአዲሱ ይስደደው። ወጥቶም ሲመለስ፣ ሾፌሩ በየትኛው ማርሽ እንደወጣና ሲወርድ ስንት ጊዜ ፍሬን እንደረገጠ ይጠይቀው።

እንግዲህ የትልቅ ጎማ ግዥ የሚፈቅድ ሹም በዚያው ወረቀት የጥርሱንም ዋጋ ይፍቀድ፤ ለዚህ ገንዘብ ከሌለው የፋብሪካውን ጎማ ይዞ ይቆይ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።