ውስኪው የት ገባ? ከመደርደሪያው ጠፍቷል፤ ጓዳ ግን ሞልቷል!

ሰሞኑን ለወንድሜ ሽማግሌ ልንልክ ተነሣንና የውስኪው ጉዳይ ለእኔ ተመደበ። «ሁለት ጠርሙስ፣ ያውም ዋናውን!» ሲሉ አባቴ አዘዙኝ። ከሰፈራችን ግሮሰሪ ጀመርኩ። መደርደሪያው ላይ የአገራችን ጂን፣ ኡዞና ኮኛክ ተደርድሯል፤ ውስኪ የሚባል ግን ዘሩም የለ። ሌሎች ሁለት ሱቆች አዳረስኩ፤ ያው ነው። አራተኛው ባለ ግሮሰሪ ግን ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከጓዳ ላምጣልህ?» አለኝ። «ደረሰኝስ?» ብለው ከት ብሎ ሳቀብኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይሄ የጠጪ ብሶት እንዳይመስላችሁ! ከመደርደሪያው ጠፍቶ ጓዳ የሚገኝ ዕቃ ሁሉ የአስተዳደር በሽታ ምልክት ነው።

እስቲ ወደ ኋላ መለስ እንበል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም የገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው አስደረገ። ሽቶው፣ የቤት አውቶሞቢሉ፣ የአልኮል መጠጡ ሁሉ ባንክ ቤት ኤል ሲ ተከለከለ። ምክንያቱ ዶላር መቆጠብ ነበር። መቼም መድኃኒት በጠፋበት አገር ለውስኪ ዶላር ይሰጥ ብሎ የሚከራከር ጤነኛ ሰው የለም፤ እኔም አልከራከርም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ዶላሩ በእውነት ተቆጠበ ወይ? ውስኪው በሆቴሉም በሠርጉም መጠጣቱን አላቆመም። ታዲያ በምን ተገዝቶ መጣ? ባንክ የከለከለውን ዶላር ጥቁር ገበያው ሰጠዋ! በዚያን ጊዜ በባንክ 52 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቁር ገበያ 90 ብር አካባቢ ይመነዘር ነበር። ክልከላው ዶላሩን አላዳነም፤ ከባንክ መስኮት ወደ ጨለማ ወሰደው እንጂ። ጠርሙሱም ጉምሩክን ትቶ በቶጎ ውጫሌና በሞያሌ አቅጣጫ የኮንትሮባንዱን መንገድ ያዘ። መንግሥት ዶላሩንም ቀረጡንም አጣ ማለት ነው።

«ክልከላው እኮ ተነሥቷል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን የ38ቱ ዕቃዎች እገዳም አብሮ ተነሣ። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 10 ዶላር የሚገዛ ጠርሙስ ከውሳኔው በፊት በባንክ ምንዛሪ 570 ብር ገደማ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ያው ጠርሙስ ከ1,000 ብር አለፈ። በ1,000 ብሩ ላይ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ጨምሩ፤ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ እንደገና በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ። ኤክሳይስ ታክሱን ሳንነካ 1,700 ብር አለፍን! የአስመጪውና የቸርቻሪው ትርፍ ገና አልተነሣም። እንግዲህ በሕጋዊ መንገድ ያስገባው ነጋዴ፣ ምንም ሳይከፍል በሌሊት ካሻገረው ጋር እንዴት ይወዳደር? አይወዳደርም፤ መደርደሪያውን ባዶ ያደርጋል።

የከፋው ደግሞ ወዲህ ነው። ደረሰኝ የሌለው ጠርሙስ አባት የለውም። የታዋቂ ውስኪ ባዶ ጠርሙስ ለምን ዋጋ እንደሚያወጣ ቆራሊዮውን ጠይቁት! ተሞልቶ ሲመለስ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው። ሜታኖል ከገባበት ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። የሞተ ሰው ቤተሰብስ ማንን ይክሰስ? በየትኛው ደረሰኝ?

ከዚያ ቁጥጥር ሲባል የሚታሸገው የመንደር ግሮሰሪ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው! በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ኬላ አልፎ የመጣ የጭነት መኪና ሳይታይ፣ ጓዳ የተሸሸገች ሦስት ጠርሙስ እንዴት ታየች?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በጠርሙስ ላይ ስለሚለጠፍ ቴምብር ይናገራል። ቴምብሩ በየጠርሙሱ ይታይ፤ ገዢውም ማየት ይልመድ። ታክሱ ይኑር፣ ግን ሕጋዊውን ነጋዴ ወደ ጓዳ የሚገፋ አይሁን። ቁጥጥሩም ከግሮሰሪው በር ሳይሆን ከኬላው ይጀምር።

የእኛን ነገር ብትጠይቁኝ፣ የጓዳውን ውስኪ ትቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አባቴ ትንሽ ቢያጉረመርሙም እናቴ የጣለችው ጠጅ ተቀዳ፤ ሽማግሌዎቹም ይዘው ሄዱ። ልጅቱም ተሰጠችን! ጠጁን ማን እንደጣለው እናውቃለን፤ ውስኪውን ማን እንደሞላው ግን ማን ያውቃል?